ሳይጻፍ የሚያልፍ ሰማይ

ማርስ ለምድር እጅግ የምትቀርበው በክረምት ነው። ምድር በየ26 ወሩ ገደማ በፀሐይና በማርስ መካከል ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ማርስ ሌሊቱን ሙሉ ስትታይ ታድራለች። ምሕዋሯ ግን ሞላላ ስለሆነ አንዱ ጎኑ ይቀርበናል፣ ሌላው ይርቀናል። ምድር ከቅርቡ ጎን ትይዩ የምታልፈው ደግሞ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ታላላቆቹ የማርስ ዓመታት ከሐምሌ እስከ መስከረም ካለው ጊዜ አይወጡም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ቀርባ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ወደ 58 ሚሊዮን ተጠጋች። ቀጣዩ ተራ በመስከረም 2028 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ሁሉም ጣና ላይ ደመና በሚነግሥበት ወራት! በጋ ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ማርስ ርቃ ትመጣለች። በጥር 2017 ዓ.ም. ተራዋ ደርሶ ስትመጣ 96 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር፤ በቴሌስኮፕ የታየችው ክብ ስፋቷ ከሐምሌ 2010ሩ 60 በመቶ ብቻ ነው።

ግርዶሹም ያው ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት በፈረንጆቹ 21ኛ ክፍለ ዘመን ረጅሙ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ሆነ። ጨረቃ ለ103 ደቂቃ ቀልታ ቆየች፤ ማርስም በዚያው ሌሊት ከአጠገቧ ነበረች። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌላ ሙሉ ግርዶሽ መጣ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52፣ ልጆች ሳይተኙ ሊያዩት በሚችሉበት ሰዓት፣ ግን አሁንም ዝናቡ ሳይወጣ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ቀኑን ከ6 ደቂቃ በላይ የሚያጨልም የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ለእኛም ከፊሉ ይደርሰናል። ሐምሌ 26! ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ለማን አቤት ይባላል?

ደመናውን እንግዲህ ለፈጠረው እንተወው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደመና በሌለበት ሌሊት ያየነውም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ዓባይ ማዶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዓባይ ድልድይ ወዲያ ባሕር ዳርም ውስጥ፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው አይጠፋም። ትምህርት ቤቱ አለው፣ ክበቡ አለው፣ ከውጭ ዘመድ የላከለትም አለ። የሳተርንን ቀለበት አይቶ የተደነቀው ሰው ብዙ ነው። ግን ያየኸውን አሳየኝ ብትለው፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መሣሪያ፣ ወደ የት ዞሮ እንዳየው የሚያሳይህ ወረቀት የለውም። ይህ ነገር እኔን ብቻ የሚያስመርረኝ አይመስለኝም፤ ሌሊት ወጥቶ ሰማይ የሚያይ ሁሉ በየጓሮው የሚያጉረመርምበት ነው።

ቦታችን መጥፎ ቢሆን ኖሮ ባላዘንኩ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ፕላኔቶች የሚሄዱበት የሰማይ መንገድ እዚህ በአናታችን አካባቢ ያልፋል። በሐምሌ 2010 ማርስ ወደ ደቡብ በጣም ዝቅ ብላ ነበር። ለንደን ያለ ሰው ከአድማሱ በ13 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ፣ በወፍራምና በሚንቀጠቀጥ አየር ውስጥ ነበር የሚያያት። ዓባይ ማዶ ላይ ግን ከፍታዋ 53 ዲግሪ ያህል ይሆናል። እነሱ በዚያ ዝቅታ እየታገሉ መዝገባቸውን ይሞላሉ። እኛ አናታችን ላይ ተሰጥቶን ባዶ ደብተር ይዘናል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

መብራቱን እናንሣ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ ከተማው ወደ ማዶ እየሰፋ፣ መብራቱም አብሮ እየበዛ ሄደ። መንገድ መብራት ያስፈልገዋል፤ ማታ ከሥራ የምትመለስ እኅታችን በጨለማ ትሂድ የሚል የለም። ግን ያ ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራት ለምን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይረጫል? በነጩ ብርሃን ውስጥ ያለው ሰማያዊ ጨረር ከሌላው ይልቅ በአየር ውስጥ ይበተናል፤ ቀኑን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሌሊት ሰማዩን የሚያነጣው ይህ ብርሃን ነው። ግቢውም፣ ሱቁም፣ ሆቴሉም እስኪነጋ ያበራል። የጣና ትንኝ ሳይቀር ወደዚያው ይጎርፋል።

ጁፒተርና ሳተርን ደማቆች ናቸው፤ መብራቱን ይቋቋሙታል። አስትሮይድ ግን አይቋቋመውም። አስትሮይድ በትንሽ ቴሌስኮፕ ስታየው ከኮከብ አይለይም፤ የሚታወቀው በመንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአካባቢው ያሉትን ከዋክብት በወረቀት ላይ ታነጥባለህ፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ተመልሰህ ያንኑ ታነጥባለህ፤ ቦታ የለወጠችው ነጥብ እሷ ናት። ቬስታ በጥሩ ጊዜዋ ጨለማ አገር ላለ ሰው ያለ መሣሪያ እስከ መታየት ትደርሳለች። እኛ ዘንድ ግን ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ጭላንጭል ከዋክብት በመብራቱ ስለሚዋጡ ሥዕሉ ገና ከመጀመሪያው ይከሽፋል። መብራቱ ይጥፋ አላልንም፤ በአናቱ ቆብ ተደርጎለት ወደ መሬት ብቻ ያብራ ነው ያልነው። ለእግረኛውም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ ብርሃን መንገድ አያሳይም።

መሣሪያው ሌላ ጣጣ ነው። ሰማይን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ በትክክል የሚሠራው አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ ሲያመለክት ነው። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቆምክበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። እኛ ዘንድ 11 ዲግሪ ተኩል ማለት የጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ የቤት ክዳንና የበጋ አቧራ የሚጋርደው ከፍታ ነው። ኮከቡን ብታገኘውም መቆሚያው አይወርድልህም። ብዙዎቹ መቆሚያዎች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው የተሠሩ ስለሆኑ ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አያጎነብሱም። አንዱን እግር ታሳጥራለህ፣ ከሥር እንጨት ታስገባለህ፣ ብየዳ ቤት ወስደህ ብረት ታስቀጥላለህ። ይህን ሁሉ የማይፈልገው ቀላሉ መቆሚያ ደግሞ ፕላኔቷ ልክ አናት ላይ ስትደርስ መዞር ያቅተዋል። አናት ላይ ደግሞ እኛ ዘንድ አዘውትረው የሚደርሱት ፕላኔቶቹ ናቸው። ሞተሩ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ ሰማዩ ይጠቁርና መሣሪያው ይቆማል። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ፣ ሲቆይም ሻጋታ ይሆናል። ከአገር ውጭ ቴሌስኮፕ ወይም አቅራቢ መነጽር ይዞ ለመግባት የሚጠበቀውን ጥያቄና ማስረዳትማ ያየ ያውቀዋል።

ይህም ሆኖ ሌሊቱ ተሳክቶ ጁፒተርን በደንብ አየህ እንበል። አሁን ጻፍ። ቀኑን ስትጽፍ ነው መከራው የሚጀምረው።

ደብተር ላይ “ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሌሊት 7 ሰዓት” ተብሎ ተጻፈ እንበል። ጁፒተር በዚያ ሰሞን ከፀሐይ ትይዩ ሆና ሌሊቱን ሙሉ የምትታይበት ጊዜ ነበር። ይህ ሌሊት የትኛው ነው? አንዱ ሰው፣ ካልነጋ በቀር ያው ጥር 2 ነው ይልሃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማታው የነገው ዋዜማ ነው፤ ቀኑ የሚዞረው ከምሽት ነው። ስልኩ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይለውጣል። በመጀመሪያው ሰው አቆጣጠር የታየው ጥር 2 አልፎ ለጥር 3 አጥቢያ ነው፤ በስልኩ አቆጣጠር ደግሞ ለጥር 2 አጥቢያ ነው። በሁለቱ መካከል 24 ሰዓት አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጁፒተር ወደ ሁለት ጊዜ ተኩል ትሽከረከራለች። ኢዮ የምትባለው ጨረቃዋ በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ስለምትዞራት ከግማሽ ዙር በላይ ትሄዳለች። በምሥራቅ በኩል የተሳለችው ጨረቃ በትክክለኛው ሌሊት በምዕራብ ልትሆን ትችላለች። ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያምነው የለም።

በዚህ ላይ የሰዓቱ አቆጣጠር አለ። የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት በስልኩ 1 ሰዓት ነው፤ ሥነ ፈለክን የሚመዘግብ ዓለም በሙሉ በተስማማበት የግሪንዊች ሰዓት ደግሞ በፊተኛው ቀን 22 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የእኛ ስልክ አዲስ ቀን ሲይዝ ግሪንዊች ገና ትናንት ላይ ነው። በዚያ ላይ ወሩን ወደ ፈረንጅ መለወጥ አለ፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግሥት አንድ ቀን ይገፋል። “መስከረም 11” ብሎ የጻፈው ሰው የኛውን መስከረም ይሁን ሴፕቴምበርን በአማርኛ ጠርቶት ይሁን በምን ይታወቃል? ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ ያየውን ለውጭ መዝገብ ልላክ ቢል ግማሹን ሌሊት የሚጨርሰው በመደመርና በመቀነስ ነው።

የሚያስቆጨው ይህ ችግር መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። “ከጥር 2 ለጥር 3 አጥቢያ” ብሎ መጻፍ ብቻውን ግማሹን ጭንቀት ያወርዳል። ከጎኑ የግሪንዊችን ሰዓት ማስፈር ቀሪውን ያወርዳል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ሌሊታቸው ለሁለት ቀን እንዳይከፈልባቸው ብለው ጁልያን ዴይ የሚባለውን ተከታታይ የቀን ቁጥር በእኩለ ቀን እንዲጀምር አድርገውታል። የግሪንዊች እኩለ ቀን ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ያለው ሌሊታችን በሙሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ይህን ሊሠራ የሚችል ሰው አጥተንም አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ተምሮ መጥቅዕና አበቅቴን በቃሉ የሚያወጣ፣ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያለ ወረቀት የሚያሰላ የአብነት ተማሪ በጎጃምና በጣና ዙሪያ ሞልቷል። ቴሌስኮፕ ያለው ክበብ አንድ ቀን እንኳ ይህን ተማሪ ጠርቶ “የጊዜውን ዓምድ አንተ ያዝልን” ብሎት ያውቃል?

ቀጥሎ የሚመጣው አቅጣጫው ነው። የአንዱ ቴሌስኮፕ ምስል ተገልብጦ ይታያል፤ የሌላው፣ ባለ ማጠፊያ መስታወቱ፣ ቀኙን ወደ ግራ ይለውጣል። “በቀኝ በኩል ሁለት ጨረቃ፣ በግራ አንድ” ብሎ የጻፈ ሰው ስለ መሣሪያው ካልነገረን ምንም አልነገረንም። ማወቂያው ቀላል ነው። ሞተሩን ብታቆመው ፕላኔቷ እየተንሸራተተች ከክቡ የምትወጣበት ጎን ምዕራብ ነው፤ ቴሌስኮፑ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ይኸው ነው። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አንድ “ም” መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እሱ አይጻፍም። የመስታወቱ ስፋት አይጻፍም፣ ስንት እጥፍ እንዳጎላ አይጻፍም፣ አየሩ የረጋ ይሁን የሚንቀጠቀጥ አይጻፍም። የሚጻፈው “ጁፒተር ዛሬ በጣም ታምር ነበር” ነው።

ፎቶው ያድነናል የሚል አለ። ስልኩን የዓይን ሌንሱ ላይ ደግኖ ያነሣና ወዲያው በቴሌግራም ይልካል። ምስሉ ሲላክ ይጨመቃል፤ ከውስጡ የነበረው የተነሣበት ቀንና ሰዓት ይጠፋል፤ ስሙም ይለወጣል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ሲጋራ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ የለም። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ዋናው አብሮ ይሄዳል። ለዝግጅት ሲሆን ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል፣ ንግግሩ ይበዛል፣ እንግዳው ዓይኑን ሌንሱ ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሣል። በማግሥቱ ሪፖርት ይጻፋል፤ ስንት ሰው እንደተገኘ ይነገራል፤ በቴሌስኮፑ ምን እንደታየ ግን አንድ መስመር የለም። ቴሌስኮፑ ራሱ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ያሳየን ነገር ገቢ የሚሆንበት ቅጽ ግን እስከ ዛሬ አልታተመም። ከዚያም ዕቃው መጋዘን ይገባል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ይዛወራል፤ በቃ።

ጊዜውም አላገዘንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሰዓት እላፊው፣ የኢንተርኔቱ መዘጋት፣ የሰው ስጋት ሌሊት ውጭ መቆምን ከባድ አድርጎታል። በጨለማ ረጅም ቱቦ ወደ ላይ የደገነ ሰው በጥሩ ነገር አይጠረጠርም፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ማን የማይፈራ አለ? እናቶች ያልፉና “ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ምን ትሠራለህ፣ ግባ” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ዳርና ገላጣው ሜዳ ቀርቶብን በግቢያችን፣ በሁለት ጣራ መካከል በምትታየው ቁራጭ ሰማይ ተወስነናል። ግን ከግቢም ቢሆን ጁፒተር ትታያለች። ለመጻፍ ሜዳ አያስፈልግም።

ብንጽፈው ባንጽፈው ምን ለውጥ አለው የሚለኝን ሰው ወደ ግሽ ዓባይ እወስደዋለሁ። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1770 መግቢያ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ ጎጃም፣ ሰከላ ወረደ። የዓባይን ምንጭ አየሁ ብሎ ብቻ አልተመለሰም። በያዘው መሣሪያ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ ኬክሮሱን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ብሎ ጻፈ። ኬንትሮሱን ያወጣው ደግሞ በጁፒተር ጨረቃ ነው። የመጀመሪያዋ ጨረቃ በጁፒተር ጥላ የምትጋረድበትን ሰዓት እዚያው ሆኖ መዘገበ፤ ያው ግርዶሽ በግሪንዊች በስንት ሰዓት እንደሚሆን ከተሰላው ጋር ሲያነጻጽር የሁለቱ ቦታዎች ርቀት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ይህ ሁሉ ሰፍሯል። በአገሩ ብዙ ሰው ወሬውን አላመነውም ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ማንም ሊመረምራቸው የሚችል ሆነው ቀሩ። ያን ሌሊት ጁፒተር ለግሽ ሰው ሁሉ ታይታ ነበር። የተጻፈችው ግን ከሩቅ በመጣ ሰው ደብተር ላይ ብቻ ነው። ከ250 ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛ አሁንም አይተን ዝም ነን።

ትንሽ መሣሪያ ምን ያደርጋል እንዳይባልም፣ አንቶኒ ዌስሊ የሚባል አውስትራሊያዊ በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ከጓሮው በ37 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ሲከታተል አዲስ ጥቁር ጠባሳ አየ። የሆነ አካል ወድቆባት ነበር። ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ወደዚያ የዞሩት እሱ ሰዓቱንና ቦታውን በትክክል ስለነገራቸው ነው። ጁፒተር በ10 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ስለምትዞር የአንድ አገር ሌሊት ብቻውን አይበቃትም፤ አንዱ አገር ሲነጋበት ሌላው ይቀበላል። በ37 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ያለን እኛ የራሳችን ተራ አለን። እንጦጦ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመሩት ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የራሳቸው ደመናና የአዲስ አበባ መብራት አለባቸው፤ እዚያ ሲደፈን ጣና ላይ የሚጠራበት ሌሊት ይኖራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለው ማዕከል ከራሳችን በላይ ያለውን የአየር ንብርብር፣ አዮኖስፌርን ያጠናል። ከዚያ በላይ ያሉትን ፕላኔቶች በየሌሊቱ የሚመዘግብ ግን አላየሁም።

የአስትሮይዱ ጉዳይማ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ እንዳይታየን። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ በጎረቤታችን በሱዳን፣ በኑቢያ በረሃ ላይ ወደቀ። ከመውደቁ አንድ ቀን ሳይሞላው አሜሪካ አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ አግኝቶት፣ ከብዙ ቦታ የተላኩ ልኬቶች ተደምረው የሚወድቅበትን ቦታና ሰዓት ቀድመው ተናገሩ፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በረሃውን ፈትሸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎችን ሰበሰቡ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ የተገኘው 2024 ዋይ አር 4 በየካቲት ወር ምድርን የመምታት ዕድሉ 3 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ቀኑም ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ተብሎ ተቆርጦ ነበር። ሊያርፍባቸው ይችላል ከተባሉት አገሮች ተርታ የኢትዮጵያ ስም ነበረ። ያ ዕድል ወደ ኢምንት የወረደው በየአገሩ የተመዘገቡ ልኬቶች ስለተከማቹ ነው። ስማችን ዝርዝሩ ላይ ሲወጣ መደንገጥ ብቻ ነበር ድርሻችን?

ስም ማውጣት ላይ ደርሰናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለኢትዮጵያ በሰጠው ዕድል አንድ ሩቅ ኮከብ ቡና፣ የምትዞረው ፕላኔት አቦል ተባለች። ደስ ብሎናል። ግን ስም ያወጣ ሕዝብ አጠገቡ ያሉትን ዓለማት በየሌሊቱ መከታተልም ይገባዋል።

ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ዓርብ፣ በፋሲካ ሳምንት፣ ከ300 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሚዞሩበት ይቀርባል ማለት ነው። ምድርን አይነካም፤ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ግን ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያል። በጣም የሚቀርበው በእኛ አቆጣጠር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ላይ ነው። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ሰዓቱን በ1 ደቂቃ የሳተ መዝገብ ድንጋዩን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከቦታው ያርቀዋል። ያን ሌሊት ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያያል፤ በማግሥቱም ስልኩ ሁሉ በፎቶ ይሞላል። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቅርበት በሰው ዕድሜ ውስጥ ደግሞ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልገን ውድ ነገር አይደለም። በአማርኛ የታተመ አንድ ወጥ ቅጽ፦ ከየትኛው ቀን ለየትኛው አጥቢያ፣ የእኛ ሰዓት፣ የግሪንዊች ሰዓት፣ ቦታ፣ የመስታወቱ ስፋት፣ ስንት እጥፍ እንዳጎላ፣ የአየሩ መርጋት ከ1 እስከ 5፣ ምዕራቡ የተመለከተበት ክብ፣ የተመልካቹ ስም። የተሞላውን ተቀብሎ በዓመት በዓመቱ የሚጠርዝ አንድ ቤተ መጻሕፍት። የመጋዘን ቁልፍ የሚያስረክብ አንድ ኃላፊ። ለመብራቱ ቆብ። በቤት ያረጁ ደብተሮችም ካሉ፣ ጎዶሎም ቢሆኑ፣ ተሰብስበው ቀናቸው ይመርመር። ቴሌስኮፕ ለመግዛት ገንዘብ ያዋጣን፣ ብየዳ ቤት ሄደን ብረት ያስቀጠልን፣ ለትንኝና ለብርድ ሌሊታችንን የሰጠን ሰዎች ነን። አንድ ገጽ ወረቀት መሙላት ይህን ያህል ከበደን?